ጆንያውን ሳትፈታ አትግዛ

በእኛ በሰኮሩ ገበያ በቆሎ የሚሸጠው በሦስት ማዕርግ ተከፍሎ ነው። ነጭና ሙሉ ፍሬ የሆነው ለሰው ነው። ነቀዝ ጥቂት የቀመሰው ዋጋው ቀንሶ ለጠላ ጠማቂዎች ይሄዳል። ሦስተኛው ክምር ግን ዝናብ የመታው፣ የጠቆረው፣ እርስ በርሱ የተያያዘውና ሲያሸቱት የአሮጌ ቤት ሽታ የሚሸተው ነው። «ይህስ?» ብለህ ሻጩን ብትጠይቀው «እሱ ለዶሮ ነው» ይልሃል። እርሱ ይህን ሲናገር አያፍርም፤ ገዢውም ሲሰማ አይጠራጠርም። እኔም ራሴ እስካለፈው ዓመት ድረስ ሳልጠራጠር ከሰማሁት ሰዎች አንዱ ነበርሁ።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው «ለዶሮ ነው» የሚለው ቃል ነው። ዛሬ በጓሮው አምስት ወይም ዐሥር ዶሮ የማያረባ መምህር፣ ጸሓፊ ወይም የሒሳብ ሠራተኛ በአካባቢያችን ማግኘት ይቸግራል። ደመወዝ ከወሩ እኩሌታ ሳያልፍ ሲያልቅ እንቁላሉ ለጨውና ለሳሙና ይሆናል። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆችም አሁን አሁን ወደዚሁ ሥራ ገብተዋል። ስለ ዶሮው ዐይነት ሁሉም ይጠይቃል፤ ሳሶ ይሻላል፣ ቦቫንስ ይሻላል እያለ እስከ ማታ ይከራከራል። ስለሚበላው ነገር ግን የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ነገር ግን ዶሮ አርብቶ በመዝገብ ያሰፈረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከጠቅላላው ወጪ ከመቶ ስድሳ እስከ ሰባ የሚሆነው መኖ ነው። ስለዚህ የምንከራከረው ስለ ትንሹ ወጪ ነው ማለት ነው።

ያለፈው ዓመት ነገር እንዲህ ነበር። ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ፣ ቤተ ሰቦቹ ከከተማው በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ ቀበሌ የሚኖሩ፣ በቡና ለቀማ ባገኘው ገንዘብ ዐሥራ ሁለት ቄብ ዶሮዎች ገዛ። ቤቱን ያከራዩት እናት የጓሮአቸውን ጥግ ፈቀዱለት። ዶሮዎቹ መጣል ሲጀምሩ በቀን ስምንት፣ አንዳንድ ቀንም ዘጠኝ እንቁላል ይሰበስብ ነበር፤ ከዚያም የቤት ኪራዩንና ደብተሩን ይችላል። ሚያዝያ ላይ መኖው አለቀበትና ወደ እኔ መጣ። ባዮሎጂ ስለማስተምር ሁሉን ነገር የማውቅ ይመስለዋል፤ እውነቱን ለመናገር ለእኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። አብሬው ሄድሁ። ከአንድ መደብር፣ ስሙን አላነሣም፣ ሁለት ዐይነት ጆንያ ቀረበልን። አንዱ ከሌላው በሲሶ ያኽል ይረክሳል። እኔ የረከሰውን መረጥሁ። «ያው የዶሮ መኖ አይደለም?» አልሁት። ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ፕሮቲን አሠራር አራት ገጽ የፈተና መልስ የጻፍሁ ሰው፣ የጆንያውን አፍ ፈትቼ እጄን ወደ ውስጥ አላገባሁም።

በሁለተኛው ሳምንት ዶሮዎቹ መብላት ቀነሱ፤ እንቁላሉ ወደ አራት፣ ቀጥሎም ወደ ሁለት ወረደ። በግንቦት አጋማሽ አንዲቱ ከቆጥ ሥር ተጋድማ ተገኘች። በዐሥር ቀን ውስጥ ሰባቱ አለቁ። በመጀመሪያ ሁላችንም ፈንግል ነው ብለን ነበር፤ ነገር ግን የጎረቤት ዶሮዎች ደኅና ናቸው፤ የእርሱም ዶሮዎች ተከትበው ነበር። የእንስሳት ጤና ባለሙያው አንዲቱን ከፍቶ ጉበቷን አሳየን። አብጦ፣ ወደ ቢጫ ነጥቶ ነበር። ከዚያም «መኖውን እስቲ አምጡ» አለን። ጆንያውን ገልብጠን ስናፈሰው ከላይ ያለው ደረቅ ዱቄት ነው፤ ከሥር ያለው ግን ጭብጥ ጭብጥ የሚያኽል፣ አረንጓዴ ሻጋታ የለበሰ ድድር ነበር። ቤተ ሙከራ አላስመረመርነውም፤ ስለዚህ ይህ ብቻ ገደላቸው ብዬ አልምልም። ባለሙያው ግን ሌላ ምክንያት አላገኘም።

ልጁ አላለቀሰም፤ እኔንም አልወቀሰኝም። ቤቱን ለቅቆ እስከ ሰኔ ፈተና ድረስ ከቀበሌው እየተመላለሰ ተማረ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል መምጫ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል መመለሻ። አንድ ቀን በጭቃ ተለውሶ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሲጋመስ ገባና በዕረፍት ሰዓት «ቲቸር፣ አዲስ አበባ የቀን ሥራ ይገኛል ይላሉ፤ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ዶሮ መኖ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ። ከዚህ በታች የምነግርህ ከዚያ የተረፈኝን ነው።

በመጀመሪያ እንቁላሉን ራሱን ተመልከተው። አንድ እንቁላል ስድስት ግራም ያኽል ፕሮቲን ይይዛል። ቅርፊቱ ደግሞ ሁለት ግራም ያኽል ካልሲየም አለበት። ዶሮይቱ ይህን ከየት ታመጣዋለች? ወይ ከምትበላው፣ ወይ ከገዛ ሥጋዋና አጥንቷ ነው። ብዙ የምትጥል የተሻሻለ ዝርያ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች። የምትበላው በቆሎ ብቻ ቢሆን፣ በቆሎ ከመቶ ስምንት ወይም ዘጠኝ ብቻ ፕሮቲን ስላለው፣ በቀን ዐሥር ግራም ታገኛለች። የሚያስፈልጋት ግን ዐሥራ ስምንት ግራም ያኽል ነው። ጥቂት ሳምንት ከራሷ እያወጣች ትጥላለች፤ ከዚያ በኋላ ታቆማለች። ባለቤቱም «ዘሩ መጥፎ ነው» ይላል።

የሐበሻ ዶሮን ያየ ሰው «እናቴ መቼ ፕሮቲን አስልታ መገበች?» ቢለኝ እውነት አለው። የሐበሻ ዶሮ ቀኑን ሙሉ ትጭራለች። ምስጡን፣ ትሉን፣ ፌንጣውን፣ የወደቀውን እህል እየለቃቀመች የጎደላትን ራሷ ትሞላለች። ነገር ግን እርሷ በዓመት የምትጥለው አርባ ወይም ስድሳ እንቁላል ነው፤ ከዚያም ላይ ትታቀፋለች። የተሻሻለችቱ ግን በዓመት ከ250 በላይ እንድትጥል የተመረጠች ናት። እርሷን በሽቦ አጥር አግደህ የሐበሻ ዶሮን ቀለብ ብትሰጣት፣ የመኪና ሞተር ገዝተህ በገለባ እንዲነዳ እንደ መጠበቅ ነው።

ይህ ነገር ለአገራችንም ለአካባቢያችንም አዲስ አይደለም። የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት በ1952 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ከአሜሪካ የኦክላሆማ መምህራን መጥተው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እነ ሮድ አይላንድ ሬድና ነጭ ሌግሆርን የተባሉት የውጭ ዝርያዎች በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል ወደ አገራችን ገቡ። ያ ትምህርት ቤት ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሆኗል። እንግዲህ ከእኛ መቶ ኪሎ ሜትር ያኽል በሚርቅ ቦታ፣ አባቶቻችን ተማሪዎች ሳሉ የተጀመረ ትምህርት ነው። ዶሮው ወደ መንደራችን ደርሷል፤ የቀለቡ ነገር ግን ከዶሮው ጋራ አብሮ አልመጣም።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልንገርህ፤ ይልቁንም በቢሮ የምትሠራ አንባቢዬ ትወደዋለህ። በ1890 እ.ኤ.አ. አካባቢ ክርስቲያን አይክማን የሚባል ሆላንዳዊ ሐኪም በባታቪያ፣ የዛሬዋ ጃካርታ ማለት ነው፣ በወታደሮች ሆስፒታል ግቢ ቤሪቤሪ የሚባለውን በሽታ ይመረምር ነበር። በዚያን ጊዜ በሽታው የሚመጣው ከረቂቅ ተሕዋስ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ለሙከራ ያረባቸው ዶሮዎች ድንገት እግራቸው እየተሳሰረ መውደቅ ጀመሩ። ከብዙ ወር በኋላ ደግሞ ሳያክማቸው በራሳቸው ዳኑ። ሐኪሙ ቢመረምር፣ በታመሙበት ጊዜ ይበሉ የነበረው ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት የተረፈ፣ የተፈተገ ነጭ ሩዝ ነበር። ከዚያ ወጥ ቤቱ ተለወጠ፤ አዲሱም ሹም የወታደር ሩዝ ለሲቪል ዶሮ አይሰጥም ብሎ ከለከለ። በዚህ ምክንያት ዶሮዎቹ ገለፈቱ ያልተፈተገ ተራ ሩዝ በሉና ተፈወሱ። ከመድኃኒት ይልቅ የቢሮ ደንብ ያዳነበት ጊዜ ከዚህ ሌላ መኖሩን እንጃ! ከዚህ ተነሥቶ ዛሬ ቫይታሚን የምንለው ነገር ወደ መታወቅ ደረሰ፤ አይክማንም በ1929 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ዶሮ ሆዷን ሞልታ በልታ፣ እህሉም ነጭና ንጹሕ ሆኖ፣ ከጎደላት ነገር የተነሣ ልትሞት እንደምትችል የታየው በዚህ ነው።

የእኛው ጉዳይ ግን ከዚህ ይከፋል፤ ምክንያቱም የእኛ የጎደለ ብቻ ሳይሆን የተመረዘ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ከመቶ ሺሕ በላይ የሚሆኑ የቱርክ ዶሮ ጫጩቶች በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። በሽታው ምን እንደ ሆነ ስላልታወቀ «የቱርክ ኤክስ በሽታ» ብለው ሰየሙት። በኋላ ሲደርሱበት ነገሩ ተላላፊ በሽታ አልነበረም፤ ከብራዚል የመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ነበር። ፋጉሎው ላይ አስፐርጊለስ ፍላቩስ የሚባል ሻጋታ በቅሎበት ነበር። የዚህ ሻጋታ መርዝ በስሙ አፍላቶክሲን ተባለ። ጉበትን የሚመታ መርዝ ነው። የልጁን ዶሮ ጉበት ሳስብ ይህ ታሪክ እንቅልፍ ይነሣኛል።

አፍላቶክሲን ክፉ የሚያደርገው ሦስት ነገር አለ። ሻጋታው ተራግፎ ቢጠፋም መርዙ እህሉ ውስጥ ይቀራል። ብትቀቅለው ወይም ብትቆላው በወጥ ቤት እሳት አይጠፋም። ብዙውን ጊዜም በዐይን አይታይም። ስለዚህ «ሻጋታውን ፀሓይ ላይ አስጥቼ አራግፌዋለሁ» የሚል ነጋዴ ያራገፈው ምስክሩን እንጂ ወንጀሉን አይደለም። በአገራችንም በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የወተት ከብት እርባታዎች ላይ የተደረገና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህን መርዝ በመኖም በወተትም ውስጥ አግኝቶታል፤ ከመኖዎቹም ይልቁን የኑግ ፋጉሎን ተጠያቂ አድርጓል። ልብ በል፤ ለላም የሚሸጠውና ለዶሮ የሚሸጠው ፋጉሎ አንድ ነው።

ይህ ሻጋታ የሚወደው ሙቀትንና ርጥበትን ነው። እኛ ደግሞ ሁለቱም የበዛልን ነን። የጅማ አካባቢ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያኽል ዝናብ ይጥልበታል፤ በቆሎውም አንዳንድ ዓመት ገና ሳይደርቅ ዝናብ ላይ ይሰበሰባል። እህል ተከማችቶ በደኅና የሚቆየው ርጥበቱ ከመቶ ዐሥራ ሦስት ሲወርድ ነው። መለኪያ መሣሪያ የለኝም ትለኛለህ፤ እኔም የለኝም። ነገር ግን ጨውና ጠርሙስ አለህ። ጨውን በምጣድ ላይ አድርቀህ፣ ፍጹም ደረቅ በሆነ ጠርሙስ ውስጥ ከአንድ እፍኝ በቆሎ ጋራ አድርገህ፣ ክዳኑን ገጥመህ ለጥቂት ደቂቃ ናጠው። ከዚያ ጥቂት አስቀምጠህ ተመልከት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ርጥበቱ ከመቶ ዐሥራ አምስት በላይ ነውና ለክምችት አትግዛው። ጨው ካልተጣበቀ ደርቋል። ልጆቼን ይህን በክፍል ውስጥ አሠርቻቸው ነበር፤ በማግስቱ ሦስቱ እናቶቻቸውን ጎተራ አስከፈቱ።

ከጠርሙሱም በፊት እጅህ አለ። ጆንያው እንደ ተሰፋ አትግዛ። ከፍተህ እጅህን እስከ ክርንህ አግባ፤ ከሥር ሞቆ ካገኘኸው ውስጥ ውስጡን እየተበላሸ ነው። ዱቄቱን ጨብጠህ ልቀቀው፤ ደኅናው ይበተናል፣ ርጥቡ እንደ ጭብጥህ ሆኖ ይቀራል። ወደ አፍንጫህ አቅርበው። ትኩስ መኖ የተፈጨ እህል ይሸታል፤ የቆየ ቅባት የሚሸት ከሆነ ፋጉሎው ወይም አኩሪ አተሩ ከርሟል። በጣቶችህ ስታሸው እንደ ሸረሪት ድር የሚሳብ ነገር ካለበት የነፍሳት ጎጆ ነው። ባለ መደብሩ ቢቆጣህም ግድ አይስጥህ፤ ጤፍ ስትገዛ እናትህ እፍኝ አንሥታ ስታሸትና ስታኝክ የሚቆጣ ነጋዴ የለም።

ማታለያም አለ። መኖ በክብደት ስለሚሸጥ አሸዋ ወይም ዐፈር ይጨመርበታል፤ ወይም ገለባ ይፈጭበታል። ይህን ለማወቅ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃል። ሁለት ማንኪያ መኖ ጨምረህ አማስለህ ተወው። አሸዋው ፈጥኖ ከታች ይዘቅጣል፤ ገለባውና ባዶ ገለፈቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ጥቂት የኖራ ድንጋይ ዱቄት ከታች መዝቀጡ ለምትጥል ዶሮ መኖ ደንበኛ ነገር ነው፤ ስለዚህ የዘቀጠውን አውጥተህ ሎሚ ወይም አቼቶ ጠብ አድርግበት። ከፈላና አረፋ ካወጣ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ዝም ካለ አሸዋ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ ለዚህ ካልጠቀመ ለምን ሊጠቅም ነው? ደግሞ ተጠንቀቅ፦ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ቤት የሚቀባበት የተቃጠለ ኖራ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው የዶሮዋን አፍና ሆድ ያቃጥላል።

ስለ አካባቢያችን ነገሮችም ብዙ ይጠይቁኛል። የቡና ገለፈት እንደ ተራራ ተከምሮ ስለሚታይ «ለምን ለዶሮ አይሆንም?» ይላሉ። ጭረቱ ብዙ፣ ምግብነቱ ጥቂት ነው፤ ላዩ ላይ ካፌይንና ታኒን አለበት። ለአትክልት ፍግ ይሁን። አቮካዶም በጅማ መንገድ ሁሉ ሞልቷል፤ ቅጠሉ፣ ልጣጩና ፍሬው ለአእዋፍ መርዝ የሚሆን ፐርሲን የሚባል ነገር ስላለበት ከዶሮ አርቀው። ቦሎቄን ጥሬውን አትስጥ። የተረፈ እንጀራ ጥሩ ነው፤ ወጥ የነካው ግን ጨው ይበዛበታል፤ ጨው ደግሞ ጥቂቱ ቀለብ፣ ብዙው ገዳይ ነው። አተላ ርጥብ ስለ ሆነ የዚያኑ ቀን ካልተበላ ይደፋ።

አኩሪ አተር ግን ትልቅ ሀብት ነው፤ በጅማ ዞንም ይዘራል። ከመቶ ሠላሳ ስድስት ወይም ሠላሳ ሰባት ያኽል ፕሮቲን አለው፤ ከገበያችን እህል የሚስተካከለው የለም። ነገር ግን ጥሬውን ከሆነ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚከለክል ንጥረ ነገር ስላለበት ዶሮይቱ በልታ ትራባለች። በምጣድ ላይ እንደ ቆሎ ተቆልቶ፣ ቡናማ ሳይሆን፣ ሽታው የተቆላ ኦቾሎኒ ሲመስል ይውጣ። ከዚህ ወዲያ ከጠቆረ ደግሞ ፕሮቲኑ ይበላሻል።

አሁን ልጁና እኔ የምንቀላቅለውን ልንገርህ። ለመቶ ኪሎ፣ የተሸረከተ በቆሎ 50 ኪሎ፣ የኑግ ፋጉሎ 20፣ የተቆላና የተፈጨ አኩሪ አተር 11፣ ፉርሽካ 10፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 8 ኪሎ ተኩል፣ ጨው ግማሽ ኪሎ። አስልተህ ብታየው ወደ ዐሥራ ስድስት ከመቶ ፕሮቲን ይመጣል። ቫይታሚንና ማዕድን የያዘውን ፕሪሚክስ የሚሉትን ዱቄት የምታገኝ ከሆነ በመያዣው ላይ እንደ ተጻፈው ጨምርበት፤ እስክታገኝ ድረስ ግን ጎመን፣ ቆስጣና የተከተከተ አልፋልፋ በየቀኑ አንጠልጥልላቸው። ይህ ለምትጥል ዶሮ ብቻ ነው። ለጫጩት እንዳትሰጥ፤ ይህን ያኽል ካልሲየም ኩላሊቷን ይጎዳል፣ ፕሮቲኑም አይበቃትም። ለጫጩት ከመቶ ዐሥራ ስምንት እስከ ሃያ ፕሮቲን ያለውን፣ ለጫጩት የተባለውን ግዛ። የእንቁላል ቅርፊትም አትጣል፤ አጥበህ፣ አድርቀህ፣ ዱቄት እስኪሆን ፍጨውና መልሰህ ስጣቸው። ቅርፊቱን እንዳለ የሰጠሃቸው እንደ ሆነ እንቁላል መብላት ያስተምራቸዋል። ደቃቅ ጠጠርም አትንፈጋቸው፤ ዶሮ ጥርስ የላትምና እህሉን የምትፈጨው በመቋደሻዋ ውስጥ በጠጠር ነው።

ብዛቱንም አስብ። ዐሥራ ሁለት ዶሮ በቀን አንድ ኪሎ ተኩል ያኽል ይበላል፤ የሃምሳ ኪሎ ጆንያ ከአንድ ወር ትንሽ ያልፋል። ከዚህ በላይ አትግዛ፣ አትቀላቅልም። ጆንያውን በመሬት ላይ ሳይሆን በጣውላ ላይ፣ ከግድግዳም ራቅ አድርገህ አስቀምጠው። ውሃውን አትርሳ፤ ዶሮ ከምትበላው ክብደት እጥፍ ያኽል ትጠጣለች፤ ውሃ ያጣች ዶሮ ፊት የወርቅ ቅንጣት ብትበትንላትም አትጥልልህም።

«ይህ ሁሉ ለድሀ ሰው ውድ ነው» የሚለኝ ባልንጀራ አለኝ፤ እርሱ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። እኔም በሒሳብ መለስሁለት። በቀን 120 ግራም የምትበላ ዶሮ በዐሥር ቀን ስምንት እንቁላል ከጣለች፣ ለአንድ እንቁላል 150 ግራም መኖ ሄደ ማለት ነው። መጥፎ መኖ በልታ በዐሥር ቀን አራት ብቻ ከጣለች 300 ግራም ሄደ። ስለዚህ መጥፎው መኖ በእኩሌታ ዋጋ ቢሸጥልህ እንኳ ያተረፍኸው አንዳች የለም፤ እኛ የገዛነው ደግሞ በሲሶ ብቻ የረከሰ ነበር። የሞተችውን ዶሮ ገና አልቈጠርንም። ባልንጀራዬ ቀና ብሎ አየኝና «መዝገብ ቤት ብትሠራ ይሻልህ ነበር» አለኝ።

ሌላም የማያውቁት ነገር አለ። ስለ እንስሳት መኖ ሕግ አለን፤ የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ይባላል። መኖ ሻጭ የሚሸጠው ነገር ቁጥጥር ያለበት መሆኑን ገዢው ቢያውቅ፣ በጆንያው ላይ አምራቹ፣ ቀኑና ለየትኛው ዕድሜ እንደ ሆነ ተጽፎ እንደ ሆነ ለመጠየቅ አፉ አይያዝም። እኛ የገዛነው ጆንያ ምንም ጽሑፍ አልነበረበትም፤ ያገለገለ የማዳበሪያ ከረጢት ነበር። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ ያለ ቁጥርና ያለ ቀን የመጣ ደብዳቤ በቢሮ አይቀበሉኝም፤ ያለ ቁጥርና ያለ ቀን የመጣ ጆንያ ግን ተሸክሜ ወጣሁ።

ልጁ በዚህ ዓመት ተመልሶ መጥቷል። የተረፉት አምስት ዶሮዎች ክረምቱን ከእናቱ ዘንድ ሰንብተው፣ አንዲቱ በቀበሮ ተበልታ፣ አራት ሆነው ከእርሱ ጋራ ተመለሱ። ቤቱን ያከራዩት እናትም የጓሮውን ጥግ ለሌላ አልሰጡበትም፤ «ዶሮዎቹ ይምጡ እንጂ ልጄ፣ ኪራዩ ይደርሳል» ብለውታል። እኔ በደመወዜ ስድስት ቄብ ጨመርሁለት፤ ስጦታ ነው ብለው እምቢ እንዳይለኝ ብድር ነው አልሁት፤ እርሱም በደብተሩ ጀርባ ዕዳ ብሎ ጻፈው። ባለፈው ሳምንት ዘጠና እንቁላል ካለው የዕዳ መዝገብ ላይ ዐሥራ ሁለቱን ሠርዞ በሣህን አመጣልኝ። አስኳላቸው እንደ አደይ አበባ ቢጫ ነው፤ ጎመኑ ሠርቷል።

የበቆሎው መከር ገብቷል። ቅዳሜ ሁለታችን ወደ ደነባ ገበያ እንሄዳለን፤ እርሱ ጠርሙሱን፣ እኔ የደረቀውን ጨው እይዛለሁ።